«መጣሁ» ብሎ የወጣው

የማታምኑ አትመኑ፤ እኔም ባላምን ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሆኗል... በእኔው ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ቢሮ ውስጥ።

ሥራዬ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስኬድ ሶፍትዌር መጠገን ነው። ውስጠኛው ማሽን ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲገጥመው ወደ ውጭኛው ፕሮግራም ይወጣል። ጉዳዩን አስጨርሶ ይመለሳል።

አንዱ ማሽን ግን እየወጣ ይቀር ጀመር።

እሱን ያዘጋጀው ታናሽ ወንድሜ ነው። አብረን ነበር የምንሠራው። አምና ከወንበሩ ተነስቶ «መጣሁ» አለኝ... ወጣ። በዚያው ቀረ።

ሰው ሲሄድ «መጣሁ» ማለቱ ድሮ ያስቀን ነበር።

እናታችን ከዚያ ወዲህ በር አትቆልፍም። «ልጄ ሲመጣ ውጭ እንዳይቆም» ትላለች። እኔ አላለቀስኩም። ደንዝዣለሁ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ።

አለቃችን፣ «ማሽኑ ለምን ወጥቶ እንደሚቀር ዛሬ ካላወቅህ እናጠፋዋለን» አለኝ። ከወንድሜ እጅ የቀረኝ ያ ማሽን ብቻ ነው።

ኮዱ ላይ መከታተያ ጨመርኩ። ማሽኑ ሲወጣ «ወጣ» ብሎ ከነምክንያቱ ይጽፋል፤ ሲመለስ «ተመለሰ» ይላል።

አስነሳሁት።

ወጣ፤ ዲስክ ሊያነብ። ተመለሰ።

ወጣ፤ ሰዓት ሊጠይቅ። ተመለሰ።

ከዚያ...

መጣሁ፤ ቤት።

ይህን ቃል እኔ አልጻፍኩትም። ኮዱን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ፤ የለም።

አጠገቤ ወደሚቀመጠው ባልደረባዬ ዞርኩ። «ቀልደኛው» ነው የምንለው።

«አንተ ነህ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ይሄን የጻፍከው...»

አየው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«በወንድምህ ይቀለዳል እንዴ?»

«ተመለሰ» እስኪል ጠበቅን... አላለም።

ቦርሳዬን ሳልይዝ ተነሳሁ።

«ወዴት ነው?»

«መጣሁ» አልኩት። ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ቤት ስደርስ ገና አልመሸም። በሩን ገፋሁት... ተቆልፏል።

አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ... ምነው ቆለፍሽው?»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ቤት ተሳስተህ ይሆናል፣ የኔ ልጅ... ሁለቱም ልጆቼ ገብተዋል።»

መፍራት ነበረብኝ። ምንም አልተሰማኝም። ደግሜ አንኳኳሁ።

ኮቴ ወደ በሩ ሲቀርብ ሰማሁ።

«መጣሁ» አለ ከውስጥ... የራሴ ድምፅ።