ቢጫ ያልሆነችው ሳህን

ዛሬ ጠዋት የጠጣኸውን ውሃ ማን መረመረልህ? አታውቅም፤ ለማወቅም ጠይቀህ አታውቅም። ያ የማታውቀው ሰው ረቡዕ ቀትር ላይ ከአዲሱ የውሃ ታንከር መሰላል ሥር ሞቶ ተገኘ።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከየቧንቧው ናሙና እየቀዳ ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ሟርተኛው» ይሉት ነበር። የምርመራ ወረቀት ይዞ ብቅ ካለ አንድ ምንጭ ይዘጋል፣ አንድ አለቃ ያፍራል። ስለዚህ ሲገባ ወሬ ይቆማል፤ ምሳውንም ብቻውን ይበላል። የሞቱን ጉዳይ የያዘችው መርማሪ እሱ የተከራያትን ክፍል ስታስከፍት አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቧንቧዎች ካርታ አገኘች። በማግስቱ ታናሽ እኅቱ ከሩቅ መጣች። አብሯት የሚያለቅስ አጥታ ግቢው መሃል ለብቻዋ ቆመች።

ታንከሩ ዓርብ ተመርቆ ሕዝብ ሊጠጣበት ነው። ፖሊስ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ሹፌር አስሯል፤ ማክሰኞ ከሟቹ ጋር ሲጣላ ሰው ሰምቶታል። መርማሪዋ የቀራት አንድ ቀን ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሐዘኑን በሚገባ ገለጸላት። በመሐላ ጭምር፣ ያን ቀን ሟቹን በዓይኑ እንዳላየው ነገራት።

«ናሙና ሊቀዳ ወጥቶ አዳልጦት ነው» አለ። «ውሃው እንደሆነ ምንም አልተገኘበትም። ሳህኖቹን ሄደው ይዩዋቸው።»

ሄዳ አየቻቸው። ላቦራቶሪውን ፖሊስ ሬሳው እንደተገኘ አሽጎታል። ውሃው ተጣርቶ በየሳህኗ ላይ በተነጠፈ ስስ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ሳህኗም ሙቀት ባለው ሳጥን ውስጥ ታድራለች። ተውሳክ ካለ ወረቀቱ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይወጣል። አሥራ ሁለቱም ሳህኖች እንደ ወተት ነጭ ነበሩ። የአሥራ ሁለተኛዋ ክዳን ላይ በቀይ እርሳስ መስመር ተሰምሮበታል። ናሙና የሚጓጓዝበት የበረዶ ሳጥን መደርደሪያው ላይ ደርቆ ተቀምጧል።

የላቦራቶሪው ቁልፍ ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ዘንድ ነበር፤ ከሟቹ የላቦራቶሪ ረዳት፣ ከሹፌሩና ከሥራ አስኪያጁ። ረዳቲቱ ማክሰኞ ሳህኖቹን አዘጋጅታ ረቡዕ ፈቃድ ወጥታ ነበር፤ ቤቷ ለመዋሏ ግን ምስክር የላትም። መርማሪዋ ከእሷ ወደ እስር ቤት ወረደች።

«ጋሼ፣ በምን ተጣላችሁ?»

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። «በቦይ ውሃ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከቦይ የሚሸት ውሃ ቅዳልኝ ይለኛል። ሹፌር እንጂ ቦይ ጠራጊ ነኝ ወይ አልኩት። ብትሞት ማን ይቀብርሃልም አልኩት። ይቺን ምላሴን።»

«ቀዱለት?»

«መቅዳቱንስ ቀዳሁለት። እሱን ማን እምቢ ይላል፣ ይለምናል እኮ።»

«መሰላል ወጥቶ ናሙና ይቀዳ ነበር?»

«ሰው የሚጠጣው ከቧንቧ ነው፣ እኔም የምቀዳው ከቧንቧ ነው ይል ነበር። የበረዶ ሳጥኑን ሳይዝም ከበር አይወጣ። በሱ ነበር የምንቀልድበት፤ ሚስትህን ይዘሃታል ወይ እያልን።»

ሐሙስ ከሰዓት ሁሉንም ላቦራቶሪው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሹፌሩ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆመ፤ እኅትዮዋ ጥግ ያዘች። የመሥሪያ ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢ ምርቃቱ እንዳይስተጓጎል ብሎ ራሱ መጥቶ ሰዓቱን ያያል። መርማሪዋ ሳህኖቹን ደርድራ ሥራ አስኪያጁን የሚያየውን እንዲነግራት ጠየቀችው።

«አሥራ ሁለት ንጹሕ ሳህን» አለ። «መሆን ያለበትም ይኸው ነው።»

ሹፌሩ መራራ ሳቅ ሳቀ። ረዳቲቱ ቀይ ወደተሰመረባት ሳህን አየችና ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ይቺ የቦዩ ውሃ ናት» አለች በቀስታ። «በእጄ ነው ያጣራኋት። ሁሌም ቢጫ ትሆናለች። እሷ ቢጫ ካልሆነች የሙቀት ሳጥኑ አልሠራም ማለት ነው፤ የሌሎቹን ውጤት እንጥለዋለን።»

መርማሪዋ ነገሩን አንድ በአንድ ዘረዘረችው። የቦይ ውሃ ነጭ አይሆንም፤ የሙቀት ሳጥኑም አልተበላሸም፤ ስለዚህ ወረቀቶቹን ሁሉ አንድ ሰው በአዲስ ቀይሯቸዋል። የሚቀየሩትም ሊታይ የማይፈለግ ነገር ስለወጣባቸው ነው። ቦዩን የሚቀዳው ሹፌርና የምታጣራው ረዳት ቢቀይሩ ኖሮ አሥራ ሁለተኛዋን አይነኳትም ነበር። ቁልፍ ካላቸው ውስጥ ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ። በየወሩ ሪፖርት የመጀመሪያ መስመር ላይ «የቦዩ ናሙና ቢጫ ሆኗል፤ ምርመራው ይታመናል» ተብሎ ተጽፏል። ሥራ አስኪያጁ ከሥሩ አሥራ አንድ ዓመት ፈርሟል። መፈረም ማንበብ የሆነበት አገር ካለ አሳየኝ፤ እኛ ዘንድ የእጅ ልማድ ነው።

«ስለዚህ ዛሬ ጠዋት» አለች፣ «እርስዎ ብቻ የሚገቡበትን መጸዳጃ ቤት አስከፈትኩ። አሥራ ሁለቱ ወረቀቶች በጋዜጣ ተጠቅልለው ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ነበሩ። የታንከሩ ውሃ የተጣራበት ወረቀትም እንደ ቦዩ ቢጫ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሟቹ ይህንኑ ይዞልዎት መጣ፤ ምርቃቱ ይቅር አለ። ናሙና ሊቀዳማ አልወጣም፤ የበረዶ ሳጥኑ ያለው እዚህ ነው። እርስዎ ነዎት ይዘውት የወጡት።»

ሥራ አስኪያጁ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። የታንከሩ ክዳን በትክክል መገጠሙን ላሳይህ ብሎ ወስዶት ነበር፤ እዚያ ላይ ሆነው ሟቹ «ለሕዝቡ እናገራለሁ» አለው።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋሁት» አለ።

ፖሊሶቹ የሹፌሩን ካቴና ፈቱ። የቦርዱ ሰብሳቢ እጅግ እንዳዘነ ተናግሮ ወደ ኋላ በር አመራ። እኅትዮዋ ከጥጓ ወጥታ መንገዱን ዘጋችበት።

«ጌታዬ፣ ወንድሜ የሚያናግረው ሰው አልነበረውም፤ ደብዳቤ ሲጽፍልኝ እንኳ ስለ ቧንቧ ነበር የሚጽፍልኝ። ሪፖርቱ በየወሩ እርስዎ ዘንድም ይደርስ ነበር። በፊት ለፊት በር ሕዝቡ ጀሪካን ይዞ ከወዲሁ ተሰልፏል። አንድ ቀን አንብበውት ያውቃሉ? ለእኔ አይመልሱ። በዚያ በር ይውጡና ለእነሱ ይመልሱ።»