የፍየል ፀጉር ፂም

ይመር ሰውዳን መጀመሪያ ያናገራት ስለ ክር ነው። የፍየል ወተት ሊያደርስ መጥቶ ሳሎኑ በር ላይ ተገትሮ ቴሌቪዥኑን እያየ፣ «ክሩ ታየሽ? መርከቧ የተንጠለጠለችበት?» አላት። ሰላምታ የለ፣ ስም መጠየቅ የለ። እሷም ወተቱን ተቀብላ «በሩን ዝጋው፣ ሙቀት ይገባል» አለችው። ፍቅራቸው እንዲህ ተጀመረ ብትል ማን ያምናታል?

ቤቱ ሳዑዲ፣ ጂዛን አካባቢ ባይሽ ነው። ሰውዳ የምትሠራላቸው አሮጊት፣ ሁሉም ማማ ከቢራ የሚሏቸው፣ የድንበር ሰው ናቸው። በየመኑ ጦርነት አል-ኹባ አጠገብ ያለው መንደራቸው ሰው አልባ ሲሆን ልጃቸው አምጥቶ እርሻው ዳር አሰፈራቸው። ከዐስር ሶላት በኋላ ታዲያ አንድ ጣቢያ የሚደግመውን የድሮ የጠፈር ተከታታይ ፊልም ካላዩ እህል አይወርድላቸውም።

ፊልም ከተባለ ነው! መርከቧ የድስት ክዳን ትመስላለች። ካፒቴኑ በቁርኣን ዐረብኛ ያዛል፣ አፉና ድምፁ ግን አይገናኙም። ጭራቁ ጀርባው ላይ ዚፕ አለው። ቋጥኝ ሲወድቅበት ቋጥኙ ነጥሮ ይመለሳል። ማማ ከቢራ ግን ካፒቴኑ በቆሰለ ቁጥር በሻሻቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ።

አንድ ቀን ይመር አላስችለው ብሎ፣ «ማማ፣ ክሩ አይታይዎትም?» ሲል ጠየቃቸው።

«ዓይኔ ደህና ነው» አሉት። «ይህ ሰውዬ ቤቱን ጥሎ የወጣ ነው። እኔ የምፈልገው ቤቱ ይግባ ነው። ክሩ ምን ያደርግልኛል?»

ይመር ከየመን በእግሩ የገባ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው የወሎ ልጅ ነው፤ የልጃቸውን ፍየሎች ያልባል። ከዚያ በኋላ ወተቱ አንድም ቀን አላረፈደም። ሰውዳ ኩሏን ተኩላ ትጠብቀዋለች፤ እሱ «ዛሬ ዚፑን በቅጠል ሸፍነውታል!» ይላታል። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው ይመርን አይቶ መሆን አለበት። ጨጓራዋን ላጠው።

ብቻ አንድ ቀን ካፒቴኑ የሚወዳትን ልጅ እጅ ሲይዝ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ተወዛወዘ። ሰውዳ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ዞር ስትል ይመር ቴሌቪዥኑን እያየ አልነበረም። እሷን ነበር የሚያየው። ወደደችው፣ ምን አባቷ ታድርግ።

መከራው የመጣው ከአክስቷ ነው። እትዬ ሩቂያ ጂዛን ከተማ ምግብ ቤት የምትሠራ፣ ቃሏ የማይታጠፍ ሴት ናት። «ዒዱ ሲያልፍ ሀገሬ እገባለሁ» አለቻት። «አንቺን በሰው ሀገር ብቻሽን ጥዬ አልሄድም። የሚፈልግሽ ካለ በወጉ ሽማግሌ ይላክ። ከሌለ ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

ሰውዳ ይመርን እስከ ፍየሎቹ በረት ሄዳ ያዘችው።

«ሽማግሌ ላክ።»

«ከየት አምጥቼ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ሰውዳ ሙች፣ እዚህ ሽበት ያለው ሐበሻ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያን በረሃ በእግሩ የሚያቋርጥ ሽማግሌ አለ? ከመካከላችን ትልቁ ሸምሰዲን ነው፣ እሱም ገና ሠላሳ አልሞላው።»

«እንግዲያው ጭራቅህን ላክ!» ብላው ሄደች።

ይመር ግን ፊቱ በራ። ያኔ ነበር መፍራት የነበረባት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ እትዬ ሩቂያ ሰውዳን ልትጠይቅ መጥታ ግቢው ውስጥ ጥላው ሥር ከማማ ከቢራ ጋር ተቀምጣ ሳለ፣ ሦስት ነጭ ፂም ያላቸው ሰዎች አንሶላ እንደ ጋቢ ደርበው፣ ምርኩዝ ይዘው ገቡ። ሰውዳ በመስኮቱ መጋረጃ አጮልቃ አየች። ፂሙ የማን እንደሆነ አወቀችው። ነጯ ፍየል ከትናንት ጀምሮ ግማሽ ጎኗ ተላጭቶ ነበር።

«አረፍ በሉ እንጂ» አለች እትዬ ሩቂያ።

«የመጣንበት ሳይሰማልን አንቀመጥም» አለ ሸምሰዲን፣ ድምፁን እያንቀጠቀጠ። ወጉ ነው፤ ሽማግሌ ልመናው ሳይሰማለት አይቀመጥም። ወጉን ያወጡት ሰዎች ግን የባይሽን ፀሐይ አያውቋትም። ላቡ ወረደ፣ ማስቲሹ ላላ፣ ፂሙ ከአንድ ጆሮው ተላቆ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለ።

ኸላስ፣ አበቃልኝ፣ አለች ሰውዳ በልቧ። ገደለኝ ይሄ ሰው! አሁን ሻንጣዬን ነው የማነሳው።

ሸምሰዲን የሽማግሌ ድምፁን ተወው። «እትዬ ሩቂያ፣ ይቅር ይበሉን። ሽማግሌዎቻችን ወሎ ናቸው። ቢኖሩን እናመጣ ነበር።»

«በየት መጣችሁ?»

«በዋናው መንገድ።»

«ፍተሻው እያለ? ኢቃማ ሳይኖራችሁ፣ በጠራራ ፀሐይ?»

«ሽማግሌ ተደብቆ አይመጣም ብለን ነው።»

እትዬ ሩቂያ ሦስቱንም ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። አማርኛ የማይሰሙት ማማ ከቢራ የተንጠለጠለውን ፂም አዩና እንደ ልማዳቸው የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«ፂምህን መልሰህ ለጥፈው» አለች እትዬ ሩቂያ በመጨረሻ። «ሽማግሌ የጀመረውን ንግግር ሳይጨርስ አያቋርጥም።»

ሸምሰዲን ፂሙን አገጩ ላይ በእጁ ደግፎ፣ «ልጅዎን ሰውዳን ለልጃችን ለይመር እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው» አለ።

«ተቀመጡ።»

ሰውዳ በጓሮ በር ሮጣ ወጣች። ይመር በረቱ ጥግ፣ ግማሽ ጎኗ ከተላጨችው ፍየል አጠገብ፣ ጥፍሩን እየበላ ቁጢጥ ብሏል። እንባዋና ሳቋ ተቀላቀለባት።

«ታየባቸው?» አላት።

«ከነዚፑ» አለችው። «ያላ ተነስ፣ ተቀምጠዋል።»