የአጎቴ የናካራ ታንኳ

አታምኑኝም ይሆናል፤ አልፈርድባችሁም። እኔም በዓይኔ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር። ግን ሆኗል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ እንደ ጉድ ታቃጥላለች።

የስድስት ዓመቷ ልጄ ቢሪታ በትኩሳት ስትነድ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ክሊኒኩ ያለው ከውሃው ማዶ፣ ሌላው ደሴት ላይ ነው። የሞተር ጀልባው ነዳጅ ጨርሷል። የቀረችው የአጎቴ የናካራ ባለሸራ ታንኳ ብቻ ነበረች።

አጎቴ ባሕር ላይ ከቀረ ወር አልሞላውም። ታንኳዋ ብቻዋን ነው የተመለሰችው።

እኛ የኪሪባቲ ደሴቶች ሰዎች የሟች ታንኳ ላይ ዝም ብለን አንወጣም። ታንኳዋ እንዳትገለበጥ ከጎኗ የሚታሰረውን ተንሳፋፊ ግንድ የያዘው ገመድ በሙሉ ተፈትቶ፣ በወራሹ እጅ እንደገና ይታሰራል። ያለዚያ ሟቹ ከታንኳዋ አይወርድም ይባላል። ሥራው ሙሉ ቀን ይፈጃል።

ልጄ እየሞተች ምን ገመድ እፈታለሁ?

የሚስቴ ወንድም ቴባው ሸራውን ያዘ፤ እኔ መሪውን። ቢሪታን በመካከላችን አስተኛናት።

መሃል ስንደርስ ነፋሱ በረታ... እንዲህ ሲነፍስ የጎን ግንዱ ከውሃው ብድግ ይላል። ሰው ሄዶ ካልተቀመጠበት ታንኳዋ ትገለበጣለች።

«ሂድ ተቀመጥበት!» አልኩት።

«አንተ ሂድ፤ ቦርጩ ያለው አንተ ጋ ነው» ብሎ ሳቀ።

ሳቁን ግን አልጨረሰውም።

ግንዱ አልተነሳም...

ጭራሽ ውሃው ውስጥ ሰመጥ አለ።

«አየህ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ዝም በል።»

«ሰው የተቀመጠበት ነው የሚመስለው...»

«ቴባው፣ ዝም በል አልኩህ!»

ነፋሱ ሲበረታ ግንዱ ይከብዳል። ነፋሱ ሲላላ ቀለል ይላል። ልክ ሥራውን የሚያውቅ ባሕረተኛ አንዴ ወደ ውጭ፣ አንዴ ወደ ውስጥ እንደሚጠጋበት...

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ግን ያ ክብደት ባይኖር ሦስታችንም አልቀን ነበር።

ዳርቻው ሲታየን ነፋሱ ረገበ።

ያኔ ግንዱን ከታንኳዋ የሚያገናኙት እንጨቶች መጮህ ጀመሩ።

ሲጥ...

ሲጥ...

ድምፁ ከግንዱ ተነስቶ ወደ እኛ እየቀረበ ነው።

ቢሪታ ጎን ሲደርስ ቆመ።

ቴባው ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ግንዱ ውሃው ላይ እንደ ቡሽ ቀሎ ይዋልላል።

አሸዋው ላይ እንደደረስን ግንባሯን ዳሰስኩት። ትኩሳቱ የለም። ቀዝቅዛለች፤ ግን ትተነፍሳለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ላነሳት ጎንበስ አልኩ።

አልተነሳችም።

እንደገና ሞከርኩ... ወገቤ ተንቋቋ።

«ቴባው... እግሯን ያዝልኝ።»

ከባሕሩ ዳር እስከ ክሊኒኩ በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

ለሁለት ተሸክመናት፣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አረፍን።