የጓሮው መጸዳጃ ቤት ጫማ

ሟቹ መጸዳጃው ላይ ተቀምጧል፤ አፉ በጸጉር ተጠቅጥቋል። ጸጉሩ የራሱ አይደለም። ረጅም፣ ጥቁርና እርጥብ ነው፤ የሳሙና አተላ ይዟል፣ ከከንፈሩ ተርፎ አገጩ ላይ ወርዷል፣ ይሸታልም። ኢንስፔክተር ኡራቤ በሥራ ዘመኗ ብዙ ሬሳ አይታለች። ዛሬ ግን ለቁርስ የበላችው ሩዝ ጉሮሮዋ ድረስ መጣባትና በግድ መለሰችው።

«ከመታጠቢያ ቤቱ የውኃ መውረጃ የተለቀመ ነው» አለች። «የስንት እንግዳ ጸጉር ይሆን?»

ሳጅን ዶባሺ ከበሩ ውጭ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ቆሟል። «እባክዎ ኢንስፔክተር፣ ቁርሴን አያስወጡኝ።»

ሟቹ ቶራኦ ነው። የሙት መንፈስ ታሪክ በቪዲዮ እየተረከ አገር ያወቀው ሰው ነበር። ይህን በተራራ ላይ ያለ አሮጌ የፍል ውኃ ማደሪያም ያስጠራው እሱ ነው። ከቤቱ ጋር በኮሪደር በተያያዘው የጓሮ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ የሴት ልጅ ድምፅ «ጸጉሬን ትይዝልኛለህ?» ብሎ ይጠይቃል አለ። እሺ ያለውንም እምቢ ያለውንም ጸጉሯ ጉሮሮው ገብቶ ያንቀዋል። ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ልጆች ብቻቸውን ሽንት ቤት መግባት ፈሩ። ትናንት ሁለተኛውን ክፍል ሊቀርጽ ከካሜራ ባለሙያው ከናታሪና ከጸሐፊዋ ከኦቶባ ጋር መጣ። ከእራት በኋላ ሞተ።

ናታሪ ፖሊስ ከመጥራቱ በፊት ሬሳውን ቀረጸው። ቀርጾም አልቀረ፣ ለሕዝብ ለቀቀው። የጓደኛው ገላ ሳይቀዘቅዝ ገበያ አወጣው ማለት ነው። ሰው እንዲህም ይከረፋል።

ኡራቤ ጎንበስ አለች። ወለሉ በረኪና ይሸታል፤ የማደሪያው ባለቤት በየምሽቱ አፍስሳበት እስከ ጠዋት ትተወዋለች። የሟቹን እግር አነሳች። ያደረገው ለእንግዶች የሚሰጠውን ሰማያዊ የጨርቅ የቤት ጫማ ነው፤ ከሥሩ ንጹሕ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ የፕላስቲክ ጫማ ደግሞ ለሚቀጥለው ገቢ እንደሚመች ሆኖ፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ ዞሮ ደጃፉ ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። በአገሩ ደንብ የሚገባ ሰው የቤት ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ይህን ያደርጋል፣ ሲወጣም ለሚቀጥለው አዙሮ ይተወዋል።

«ዶባሺ፣ ሰክረህ የቤት ጫማህን ሳትቀይር መጸዳጃ ቤት ገብተህ ታውቃለህ?»

የዶባሺ ፊት ተኮሳተረ። «ምን በወጣኝ! እናቴ ከመቃብር ተነስታ በጥፊ ታጮለኛለች።»

«የዚህም እናት እንዲሁ ሳታሳድገው አትቀርም» አለች ኡራቤ።

ዶባሺ የጠረጠረው የማደሪያዋን ባለቤት፣ እትዬ ሳዋን ነው። ሰፈሩም ከወዲሁ ፈርዶባታል። ኡራቤ ክፍሏ ስትገባ አሮጊቷ በሟች ልጇ ፎቶ ፊት ለመታሰቢያ ብርቱካን እያስቀመጠች ነበር። ፎቶው ላይ ትንሽ ልጅ ኪሞኖ የሚባለውን ስስ የበጋ ቀሚስ ለብሳ፣ የሱፍ ቆብ እስከ ጆሮዋ ስባ ትስቃለች። ከኋላዋ ርችት ይታያል።

«ልጄ ሱዙኖ ናት» አለች እትዬ ሳዋ። «አልጋዋ ላይ፣ እጄን ይዛ ነው ያለፈችው። እነዚህ መጥተው ሰው አናቂ አደረጉብኝ።»

«ቶራኦን ጠልተውት ነበር?»

«አንጀቴ እስኪቃጠል! ትናንት ከእራት በፊት ግን እዚህ መጣ። ፎቶዋን አየ፣ ስለሷ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ‹ውሸት መሆኑን በገዛ አፌ እናገራለሁ› አለኝ።»

«ማን ሰማ?»

«ማን ይስማ? እኔና እሷ።» ወደ ፎቶው አየች። «እኔን ብታስሩኝ ግድ የለኝም። ግን ገዳይ ከተባልኩ ያ ተረት ላይነቀል ይተከላል። ስሟን የሚያጸዳላት ከኔ ሌላ ማን አላት?»

ናታሪን በምግብ አዳራሹ አገኙት። የተጠበሰ ዓሣ እያጣጣመ ይበላል። በአንድ እጁ ስልኩን ይነካካል፤ ተመልካቹ በጨመረ ቁጥር ፊቱ ይፈካል።

«በሩ ላይ ቆሜ ነበር» አለ አጥንት ከጥርሱ እያወጣ። «ቶራኦ ብቻውን ገባ። ዓይኔን ከበሩ ለአፍታ አልነቀልኩም፤ ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም። ቪዲዮው ላይም ተናግሬዋለሁ። የታፈነ ድምፅ ስሰማ ካሜራዬን ከፍቼ እንዳለሁ ዘልዬ ገባሁ።»

«እንዳለህ?»

«ታዲያ ጓደኛዬ እየሞተ ጫማ ልቀይር?»

«ማን ገደለው ትላለህ?»

«ታሪኩን ያውቁት የለ?» ፈገግ አለ። «የለም፣ ሰው ነው ካላችሁ ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱን ጸጉር በየቀኑ የሚለቅመው ማነው? እሱን ጠይቁ።»

ዶባሺ ትርጉም ባለው ዓይን ኡራቤን አያት። እሷ ግን የምታየው የዓሣውን ዘይት የሚልስባቸውን ጣቶቹን ነበር፤ ልትመታው አማራት።

ኦቶባን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ አገኟት።

«ጸጉሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አለች ሳትጠየቅ። «እዚህ ቤት ልጅ ሞታለች ሲባል ሰማን፤ የቀረውን ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። እንኳን ስሟን ልጠይቅ!»

«ትናንት ምን ሆነ?»

«ከእራት በኋላ ቶራኦና ናታሪ ካሜራ ይዘው ክፍላቸው ገቡ። ቶራኦ ሲጠጣ ነበር፤ ሁለቱ ሲጨቃጨቁም ሰማሁ። ኋላ ናታሪ ሲጮህ እኔ ከክፍሌ፣ እትዬ ሳዋ ከወጥ ቤት ሮጠን መጣን።»

«ሁለታችሁም ገባችሁ?»

«ዘው አልን። ምነው እግሬን በሰበረው!»

ኡራቤ የሁሉንም የቤት ጫማ ሰበሰበች። ከዚያ ያንን ቪዲዮ ደጋግማ አየች። ዶባሺ ፊቱን አዞረ።

«ሆድዎ ከምን ተሠራ?»

«ፊቱን አይደለም የማየው» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ገበታው ላይ ጋዜጣ ተነጥፎ አራት ጥንድ ሰማያዊ ጫማዎች ሥራቸው ወደ ላይ ተገልብጠው ተደርድረዋል።

«ጫማ ምግብ ገበታ ላይ!» አለች እትዬ ሳዋ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከዚህ የባሰ ቆሻሻ ቤትዎ ገብቷል» አለች ኡራቤ። «እዩ፤ ይሄ የእትዬ ሳዋ ነው፣ ይሄ የኦቶባ። ሁለቱም በረኪና በልቷቸው ነጣ ነጣ ብለዋል። ደንግጠው ጫማ ሳይቀይሩ ስለገቡ ነው። ይሄኛው የሟቹ ነው፤ ጠብታ የለበትም። ስለዚህ ቶራኦ ያንን ወለል አልረገጠም፤ ተሸክመው አስቀመጡት። ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም በጠዋት አረጋግጧል፤ መጀመሪያ ታፍኖ ሞተ፣ ጸጉሩ ኋላ ተጠቀጠቀ።»

ዶባሺ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጸጉሩን የሚለቅሙት ግን እትዬ ሳዋ ናቸው።»

«የሱዙኖን ፎቶ አይተሃል? በበጋ ሙቀት፣ በርችት ቀን የሱፍ ቆብ አድርጋለች። ለምን ይመስልሃል?»

የመለሰችው እናትየዋ ናት።

«ጸጉሯ በካንሰሩ ሕክምና አልቆባት ነበር» አለች በቀስታ። «ስትሞት አንድም ጸጉር አልነበራትም።»

ኦቶባ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ይህች እናት ልጇን ልትበቀል ብትነሳ ጸጉር በሐሳቧ አይመጣም» አለች ኡራቤ። «ጸጉር የሚመጣለት ልጅቷን ከተረቱ ብቻ ለሚያውቅ ነው። አሁን ወደ ቪዲዮው። ሁሉም ሰው የሟቹን ፊት ያያል። እኔ መጀመሪያውን አየሁ፤ ናታሪ ገና ሳይገባ የመጸዳጃ ቤቱ ጫማ ደጃፍ ላይ ይታያል። እርጥብ ነው፤ ተረከዙ ላይም ረጅም ጸጉር ተለጥፏል። ማለት አንድ ሰው ጫማውን አድርጎ ገብቷል፣ የተንጠባጠበውን ጸጉር ረግጧል፣ ወጥቶም ለሚቀጥለው ሰው አስተካክሎ አስቀምጦታል።»

አራተኛውን ጥንድ አነሳች። ሰማያዊው ጨርቅ እንደ አዲስ ነው።

«እንዳለሁ ዘልዬ ገባሁ ያልከው አንተ ነህ ናታሪ። ጫማህ በረኪና አልነካውም። ሬሳውን ስታስገባም፣ ልትቀርጽ ስትገባም፣ ሁለቱም ጊዜ ቀይረሃል።»

«ልማድ ነው!» አለ ናታሪ። «ማንም ሰው ሳያስበው ይቀይራል!»

«አዎ፣ ልማድ ነው። የሚያቅለሸልሸኝም እሱ ነው። ጓደኛህን አፈንክ፣ ከውኃ መውረጃ ቆሻሻ ለቅመህ አፉ ውስጥ ጠቀጠቅክ፤ ጫማህ እንዳይቆሽሽ ግን ተጠነቀቅክ! የሱን መቀየር ብቻ ረሳህ።»

«ከኔ በፊት ሌላ ሰው ገብቶ ቢሆንስ?»

«ማንም አልገባም፣ ዓይኔን ከበሩ አልነቀልኩም ብለህ ለአገር ሁሉ ተናገርክ። ተረቱ እንዲያስፈራ ማንም መግባት አልነበረበትም። እንግዲያው ከሟቹ ሌላ የቀረኸው አንተ ነህ።»

ናታሪ ዙሪያውን አየ። ዓይኑን የሚያየው ሰው አጣ።

«ሁሉን ነገር ሊያፈርሰው ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ሞታ ለተቀበረች ልጅ ብሎ! ይቅርታ እያለ ሲነፋረቅ በገዛ ካሜራዬ አስቀረጸኝ። ከዚያ ጠጥቶ ተኛ፣ በቃ። ትራሱ አጠገቤ ነበር።»

«ቅጂውን አጥፍተኸዋል?»

ናታሪ ሊነሳ ሲል ዶባሺ ትከሻውን ያዘው።

«እሱ ምንም አያጠፋም» አለች ኦቶባ። «‹ሁሉም አንድ ቀን ይሸጣል› ይላል።»

ካሜራው ውስጥ ነበር። ቶራኦ ያለ መብራት፣ ያለ ማስፈራሪያ ሙዚቃ፣ ዓይኑ አብጦ ታየ።

«ሱዙኖ ትባላለች» አለ። «ጸጉር አልነበራትም። ጨለማ ስለምትፈራ እናቷ የጓሮው መጸዳጃ ቤት በር ላይ ቆማ ትዘፍንላት ነበር። ከዚያ በር ጀርባ የነበረችው ልጅ ይህች ናት። ማንንም አላስፈራራችም። የምትፈራውስ እሷ ነበረች። ዋሽቻችኋለሁ። እትዬ ሳዋ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ ሳዋ ካሜራውን በሁለት እጇ አቅፋ አለቀሰች። «አውጡት» አለች በመጨረሻ። «ስሟን ጠርቶ ነው የተናገረው። ሰው ይስማላት።»

ኦቶባ ቅጂውን ለሕዝብ ለቀቀችው። ፖሊሶች ናታሪን ቀድመው ወሰዱት። ኡራቤና ዶባሺ ተራራውን በመኪና ሲወርዱ አመሸ፤ ኡራቤ ስትነዳ ዶባሺ ስልኩን ያያል።

«ሰዉ እያየው ነው?» አለች።

«እያየው ነው።»

«ምን ይላል?»

ዶባሺ ስልኩን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ስትወተውተው እየከበደው አነበበላት። «‹ጸጉር የሌላት ልጅ? ይሄማ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስፈራል። ቀጣዩን ክፍል ቶሎ ልቀቁልን።› ብዙ ሰው ወዶለታል።»

ኡራቤ መኪናውን መንገድ ዳር አቆመችና በሩን ከፍታ ወረደች። ሬሳው ፊት የመለሰችው ሩዝ እዚያ ወጣ።