ባዶው የምሥራቅ ክፍል

ቱርካ ሻዩን እያማሰለ፣ ዓይኑን ሰሊጥ ከሚጭኑት ሎሪዎች ሳይነቅል ጠየቀ።

«ጥጥ የት ተኛች?»

ጥጥ የባንቺአየሁ የምስጢር ስም ነው። ከገላባት ሰው አጋቾች እጅ ያመለጠች፣ መልካቸውን የምታውቅ ምስክር ናት። ኩላሊቷ ታሞ ገዳሪፍ ሆስፒታል ገብታለች።

«ምሥራቅ ክፍል» አለ ዩኑስ። «ጥጉ ላይ።»

«ተማም፣ ጥሩ ነው።»

ቱርካ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ውሸት ነበር። የምሥራቅ ክፍል ጣሪያው ስለሚታደስ ባዶ ነው። ዩኑስ የስለላ አለቃውን ዋሽቶ አያውቅም። ነገር ግን ከዚህ በፊት ሁለት ምስክሮች ከተኙበት ተወስደው ቀርተዋል። የት እንደተኙ የሚያውቁት እሱና ቱርካ ብቻ ነበሩ። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል።

ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይዞ ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰ። እዚያ ስሙ ኢሀብ ነው፤ ሠራተኛው «ባሽሙሃንዲስ»፣ ዋና መሐንዲስ፣ ይለዋል። ከሰላ ከተማ ውስጥ ለአንዲት ክሊኒክ የካርድ ክፍል ፕሮግራም በመጻፍ ነበር የጀመረው። ከዚያ አልጋ፣ መድኃኒት፣ ሒሳብ እያለ የምሥራቁን ሆስፒታሎች አዳረሰ። ሰላዮቹ የመለመሉት የማይገባበት በር ስለሌለ ነው። ለእነሱ ሥራው ሽፋን ነው። እሱ ግን ሥራውን ይወደው ነበር። ጦርነቱ ያፈናቀለው ሕዝብ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ፣ እናት ልጇ የት እንደተኛ በእሱ ሲስተም ታገኝ ነበር።

ባንቺአየሁን በሌላ ስም ሴቶች ክፍል ደብቋታል።

የጠያቂ ሰዓት ደረሰ። ዩኑስ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብድግ ይላል። ሦስት ሰዎች ከጠያቂው ጋር ተቀላቅለው ገቡ። ምግብ አልያዙም። ማንንም ሳይጠይቁ ወደ ምሥራቅ ክፍል ታጠፉ።

ምስክሮቹን አሳልፎ የሚሰጠው ቱርካ ነው።

በተሳሳትኩ ብሎ ነበር። አልተሳሳተም።

ኮምፒውተሩ ላይ የባንቺአየሁን መዝገብ ከፈተና «ሞታለች» ብሎ ሞላ። ሒሳቡን ያልጨረሰ በሽተኛ ከበሩ አይወጣም፤ ሬሳን ግን ማንም አያቆምም። የመውጫው ወረቀት ታተመ። የአምቡላንሱ ሹፌር ኸሊል ቃሬዛውን ይዞ ጠበቀው።

«አትተንፍሺ» አላት ዩኑስ በአንሶላው እየሸፈናት።

ኮሪደሩ መሐል ሲደርሱ ተኩስ ተሰማ።

አንድ ጥይት።

ዩኑስ ቆመ። ባዶ ክፍል ውስጥ ማንን? ባንቺአየሁ በአንሶላው ሥር እጁን ጨበጠችው። ቃሬዛውን ገፋ፤ አምቡላንሱ ላይ ጭነው ራሱም ከኋላ ገባ። የበሩ ዘበኛ «ኢና ሊላሂ» ብሎ ከፈተላቸው። ከበሩ ማዶ ቱርካ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ሬሳው ሲያልፍ አንገቱን ደፋ።

የኸሊል ስልክ የጮኸው የከሰላን መንገድ ከያዙ በኋላ ነው። አዳምጦ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በዝግታ ነገረው። ሀዲያ ተመትታለች።

ሀዲያ የነርሶቹ አለቃ ናት። አንድ ነርስ በአንድ እጇ መርፌ ይዛ በሌላው እንድትሠራበት አድርግ እያለች ሲስተሙን ያስተካከለችው እሷ ነበረች። ጸጥ ስለሚል የቀትሩን፣ የዙህር ሶላቷን እዚያ ባዶ ክፍል ትሰግድ ኖሯል። ሰዎቹ ጀርባዋን ብቻ ነው ያዩት።

የሆስፒታሉን አልጋ ሁሉ ያውቃል። ይህን አላወቀም።

«በእኔ ምክንያት ነው» አለች ባንቺአየሁ።

«አይደለም። ክፍሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

ከሰላ ላይ ለቱርካ የበላይ አለቆች አስረከባት። መሰከረች። አጋቾቹ ተለቀሙ፤ ቱርካም ባሕር ሊሻገር ሲል ወደብ ላይ ተያዘ። ለዩኑስ ግን ኢሀብ የሚባል ሰው ከእንግዲህ የለም ተባለ። ያመለጡ የቱርካ ሰዎች እየፈለጉት ነበር። የሠራው ሁሉ ያለ እሱ ቀጠለ።

ክረምት ሲገባ ዩኑስ ቁረይሻ ወደሚባል የእርሻ ቦታ ሄዶ ሰሊጥ አራሚዎች መሐል ገባ። መዳፉ ውኃ ቋጠረ። ማንም ስለቀድሞ ሥራው አልጠየቀውም።

አንድ ምሽት ዳምጤ የሚባል የሥራ ጓደኛው፣ ልደውል ነው ስላለው፣ ስልኩን አዋሰው። የሆስፒታሉን ሲስተም ከፈተ። ስምና የይለፍ ቃል ጠየቀው። ሲሠራው የተወው አንድ የጓዳ በር፣ ስውር መግቢያ፣ ነበረው፤ በዚያ ቢገባ የሀዲያ መዝገብ ይመጣለታል። ተርፋ እንደሆን፣ ሞታ እንደሆን ያውቃል። ግን የቱርካ ሰዎች ያለበትን ያውቁበታል፤ የባንቺአየሁንም ፈለግ ከእሱ ይጀምራሉ።

ጣቱ ስልኩ ላይ ቆየ።

ገጹን ዘግቶ ስልኩን መለሰለት።

«አላገኘኸውም ወይ?» አለው ዳምጤ።

«አልደወልኩም» አለ፤ ነጠላውን ተከናንቦ ከአራሚዎቹ መሐል ተኛ።