ማዘርቦርዱ ገና ይቆያል

ትርሲት ከጉታ ጋር የተዋወቀችው ወንድሟ ኮምፒውተሩን በቡጢ ሲደበድብ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ጅቡቲ። ታላቅ ወንድሟ በፍቃዱ የከባድ መኪና ሾፌርነቱን ትቶ ካርቲየ 6 በሚባል ሰፈር ኢንተርኔት ቤት ከፍቶ ነበር። እናታቸው ስትሞት ትርሲትን ከድሬዳዋ በባቡር አስመጣትና እዚያው አሠማራት። ወደ የመን የሚያሻግር ጀልባ የሚጠብቁ ወጣቶች፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ ሴቶች፣ ሁሉም የአገር ቤት ድምፅ ለመስማት እዚያ ይመጣል። የሁሉም መስመር የሚያልፈው ግን በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር በኩል ነው። እሱ ድርግም ሲል ቤቱ በሙሉ ድርግም ይላል። አንዷ ከእናቷ ጋር እያለቀሰች ስታወራ ይቋረጥባታል፤ ጩኸት ይነሳል፤ በፍቃዱም ሳጥኑን መደብደብ ይጀምራል።

«ጋሼ፣ ቢመቱት አይድንም» አለ ያን ቀን ከደንበኞቹ አንዱ። «ልክፈተውና ልየው።»

ጉታ የአዳማ ልጅ ነው። የመን ለመሻገር ነበር የመጣው። ቀድሞት የተሳፈረው ጓደኛው ባሕር ላይ መቅረቱን ሲሰማ ግን ሐሳቡን ቀየረና ካርቲየ 4 ውስጥ ኮምፒውተር እየጠገነ ይኖር ጀመር።

ሳጥኑን ሲከፍት ትርሲት የእጅ ባትሪ ያዘችለት።

«እነዚህን ትንንሽ በርሜሎች አየሻቸው? ካፓሲተር ይባላሉ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ነበረበት።»

«አብጠዋል።»

«አብጠው ፈንድተዋል። ሙቀቱ ነው የገደላቸው።» ወደ በፍቃዱ ዞረ። «ነቅዬ ሌላ ብበይድበት ለጊዜው ይነሳል። ማዘርቦርዱ ግን አርጅቷል፤ ቢቀየር ይሻላል።»

«የሚነሳ ከሆነ ምን ያስቀይረኛል? በይደው።»

በየደው፤ ተነሳ። ጉታ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ አያት። «ደግሞ ይጠፋል» አላት። እያዘነ ይሁን እየተመኘ አልገባትም።

ጠፋ። ጉታ መጣ። ደግሞ ጠፋ፤ ደግሞ መጣ። በተከፈተው ሳጥን ላይ አቀርቅረው በሹክሹክታ ያወራሉ። እሷ ስለ እናቷ፣ እሱ ስለዚያ ጓደኛው። አንዳንዴ ምንም አያወሩም። ጣቶቻቸው ሽቦዎቹ መሃል ሲነካኩ ማናቸውም ቀድመው እጃቸውን አይሰበስቡም።

ጉታ ያላወቀው፣ ኮምፒውተሩ ከጠፋ በኋላ እሱ እስኪጠራ ድረስ ያለውን ጊዜ ነው። ደንበኞቹ እየተሳደቡ ሲወጡ በፍቃዱ የቆርቆሮውን በር ይዘጋል። «ምኑን ነካካሽው?» ይላታል። መጀመሪያ በጥፊ ነበር፤ ኋላ በቀበቶ ሆነ። ከዚያ ፊቷን ታጥባ፣ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ፣ ጉታን ልትጠራ ትሄዳለች። እየታመመች ትሄዳለች፤ ግን ትቸኩላለች።

ኻምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አሸዋውን በየበሩ ሥር በሚነዛበት ሰሞን በፍቃዱ ጉታን አስቀምጦ ጠየቀው።

«አንድ ወደብ የሚሠራ ሰው አዲስ ማዘርቦርድ ከዱባይ ላስመጣልህ ብሎኛል። ቁርጡን ንገረኝ። ልቀይረው ወይስ ይቆያል?»

ጉታ በበፍቃዱ ትከሻ ላይ አሻግሮ ትርሲትን አያት። አዲስ ከገባ እዚህ ቤት የሚያስመጣው ምክንያት አይኖርም። እሷም ይህንኑ አስባ ነበርና ራሷን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ አይቀየር። ምን እንደሚያስከፍላት ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«ገና ይቆያል» አለ ጉታ።

ሳምንት አልቆየም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጢም እንዳለ፣ የዚያኑ ዕለት ጀልባ የሚሳፈር ወጣት አባቱን ሲሰናበት መስመሩ ተበጠሰ። ልጁ ወንበሩን አንስቶ ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠው። ግፊያና ድንጋይ ውርወራ ተከተለ። በፍቃዱ ሰዉን ገፍቶ አስወጣና በሩን ዘጋ። የዚያን ቀን የኤሌክትሪክ ገመድ ነበር ያነሳው።

ጉታ መጥቶ ሳጥኑን ከፈተ። ትርሲት ባትሪውን ከፍ ስታደርግ እጅጌዋ ተንሸራተተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወድቄ ነው።»

«ትርሲት።»

እጅጌዋን መልሳ ሳበችው።

«ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ነው?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ሁልጊዜ ሲጠፋ?»

«ሁልጊዜ።»

«እያወቅሽ ነው አይቀየር ያልሽኝ?»

«ካልተበላሸ አትመጣማ» አለች።

ጉታ የብየዳ ካውያውን አስቀመጠ። «እንዲህ ከሆነ እኔም አብሬው ስመታሽ ነው የከረምኩት» አለ።

ተነሳ። በፍቃዱ በሩ ሥር ጫቱን ይዞ ተቀምጧል።

«ጋሽ በፍቃዱ፣ ማዘርቦርዱ ይቀየር።»

«ይቆያል አላልክም?»

«ዋሽቼዎት ነው። እህትዎን ለማየት ብዬ ነው የዋሸሁት። ከእንግዲህ ግን እጅዎን እንዳያነሱባት።»

በፍቃዱ ጫቱን በእርጋታ አኖረና ከወንበሩ ሥር ከሾፌርነቱ ዘመን ያስቀረውን የጎማ መፍቻ ብረት አወጣ። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ለሁለተኛው ጉታ ራሱን ለማዳን ቀኝ እጁን አነሳ። ትርሲት የእጁን አንጓ መሰበር ከነፋሱ ድምፅ ለይታ ሰማችው። ጉታ በጉልበቱ ወደቀ፤ ብረቱ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሳ።

የተከፈተውን ኮምፒውተር ገመዶቹን እየበጠሰች በሁለት እጇ አነሳችውና ወንድሟ ደረት ላይ ወረወረችው። በፍቃዱ በጀርባው ወንበሮቹ ላይ ወደቀ። ማዘርቦርዱ ሲሚንቶው ላይ ሁለት ቦታ ተሰበረ። የሚጠገንም የሚቀየርም አልቀረም። ጉታን በብብቱ ደግፋ ወጣች።

ጎረቤታቸው ሐዲጃ ድሬዳዋ ያደገች የኢሳ ሴት ናት። ሁለቱንም ጎትታ አስገባችና በሯን ከውስጥ ቀረቀረች። በፍቃዱ ደርሶ የቆርቆሮውን በር በብረቱ ይወቅረው ጀመር።

«በፍቃዱ» አለች ሐዲጃ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «ልጅቷ ከእንግዲህ የእኔ ልጅ ናት። በሬን አንዴ ደግመህ ከመታህ ከወንዶች ልጆቼ ጋር ትነጋገራለህ።»

የሰፈሩ ወንዶች ተሰብስበው ብረቱን ከእጁ ነጠቁት።

በሐዲጃ ግቢ ሽማግሌዎች መርቀዋቸው ተጋቡ፤ ካርቲየ 4 ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራዩ። የጉታ አንጓ ተጣሞ ስለገጠመ ደቃቅ ነገር አይዝለትም። እሱ ያሳያል፣ ትርሲት ትበይዳለች። በፍቃዱ ቤቱን ዘግቶ ወደ መኪናው ተመለሰና አንድ ጊዜ ሽማግሌ ላከ። «ይቅር ብያለሁ በሉት፤ ቤቴ ግን አይምጣ» አለቻቸው።

አብረው መኖር በጀመሩ ሰሞን ጉታ ከመደርደሪያው ብርጭቆ ለማውረድ እጁን ድንገት ሲያነሳ ትርሲት ፊቷን በክንዷ ሸፍና ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ጉታ ብርጭቆውን ተወው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጎበር ሲሰቅል፣ መስኮት ሲከፍት፣ ሰው ፊት እንኳ ሳይቀር፣ «እጄን ላነሳ ነው» ሳይላት አንስቶ አያውቅም።

ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። አንድ ጠዋት ሥራ ረፍዶበት ሸሚዙን በጥድፊያ ሲያጠልቅ መናገሩን ረሳ። እጁ ከራሷ በላይ አለፈ። ትርሲት ሩዝ እየለቀመች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

ጉታ እጁ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

«ምነው?» አለችው።

«ምንም» አለና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።