አልወርድ ያለው የብዙነሽ በር

እኔ ደምሴ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ጆሮዬን የማልሰጥ ሰው ነበርኩ፣ ሥራዬ ሽቦ ነው፣ ሽቦ ደግሞ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፣ «የሞተ ሰው አየሁ» የሚለኝን «ብርዱ ነው፣ ሂድና ተኛ» ብዬ ነበር የምሸኘው። አሁን መከራከሩም ደክሞኛል፣ የሆነውን ብቻ ልንገርህ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ በሪሞት የሚከፈት የጋራዥ በር እገጥማለሁ። ብዙነሽ የምትባል ሴት ጠራችኝ፣ ባሏ ጌታነህ ሹፌር ነበር፣ አምና ነው ያረፈው፣ ጋራዡን መሥራት የጀመረው እሱ ነው። በቀለሙ ያለፋችኝን ልፋት አትጠይቀኝ፣ እሱ በሕይወት ሳለ ሰማያዊ ይሁን ይል ነበር አሉ፣ እሷ ደግሞ ጭቃ አያሳይም ብላ ቡናማ መረጠች፣ ከዚያ አልቅሳ ሰማያዊ አለች፣ ከዚያ ተመልሳ ቡናማ። ቡናማው ተገጠመ።

አመሻሹ ላይ ጉሙ ወርዷል፣ ወገቤ ተቆርጧል፣ ልሄድ ነው ብዬ በሩን ባወርደው ጉልበት ጋ ደርሶ ተመልሶ ወጣ። ታች ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ሴንሰሮች አሉ፣ እየተያዩ ነው የሚሠሩት፣ በመሃላቸው ሰው ወይ ዕቃ ከገባ ቀይ ይበራና በሩ ይመለሳል። እመነኝ፣ መሃላቸው ምንም የለም። ጠረግኳቸው፣ አስተካከልኳቸው፣ ለጉሙም ቆርቆሮ ከለልኩ፣ አሁንም ቀይ። ደፉ ላይ ዱብ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ቆርቆሮው ነው ብዬ አለፍኩት።

«ጋሽ ደምሴ፣ ጌታነህ እኮ ሲገባ እዚያች ጋ ቆሞ ነበር ጫማውን የሚያራግፈው» አለች ብዙነሽ። «ቡናማው አናዶት ይሆናል» ብላ ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም።

«ተይ ብዙዬ፣ ዕቃው ነው» አልኳት፣ ሰውነቴን ግን ወረረኝ።

ከሦስት ዓመት ልጇ ከማርታ ጋር ብቻቸውን ናቸው፣ በር ከፍታ ማደር ፈርታለች። እኔም ደክሞኛል። ስለዚህ እኛ ገጣሚዎች ሲሰለቸን የምናደርጋትን አደረግኩ፣ ሁለቱን ሴንሰሮች ነቅዬ ፊት ለፊት አጋጥሜ ግድግዳው ላይ በፕላስተር አሰርኳቸው፣ እንዲህ ሲሆኑ እርስ በርስ ብቻ ስለሚተያዩ በሩ ሥር ማንም ቢኖር አያዩትም። አረንጓዴ በራ። ሪሞቱን ተጫንኩና ዕቃዬን ልሰበስብ ጎንበስ አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ የበሩ ድምፅ ቀጥ አለ። ዞር ስል ማርታ ወደ ውጭ የወጣች ኳሷን ልትይዝ ደፉ ላይ በደረቷ ተኝታለች፣ በሩ ከጀርባዋ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቆሟል። ከዚያ ቀስ ብሎ ወጣ። ሞተሩን ከበደው እንዳትለኝ፣ በሩ ምንም አልነካም። ግድግዳው ላይ ያሰርኳቸው ሴንሰሮች ቀይ አብርተዋል፣ በመሃላቸው ጣት እንኳ አይገባም።

እናቷ ልጅቷን አቅፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሴንሰሮቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ፣ በሩ አንዴም ሳያንገራግር ወረደ። «ሰማያዊ ልቀባው ይሆን?» አለችኝ።

ሥራውን አልተውኩም፣ እንጀራዬ ነው። ያቺን ብልጠት ግን ትቻለሁ። አንዳንዴ ሌላ ቤት ስገጥም ደፉ ባዶ ሆኖ ቀይ ይበራል፣ ባለቤቶቹ «ምን ትጠብቃለህ?» ይሉኛል፣ እዚያች ጋ ጫማውን የሚያራግፍ ሰው እንዳለ ሁሉ እጄን አጣጥፌ እቆማለሁ፣ እስኪያልፍ ድረስ።